ኦብጀክቴ ጄሰን አልሆን አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። «ተማሪ» የሚል ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) ሠርቻለሁ፤ ስም፣ የትውልድ ቀንና ውጤት አለው። ከሱ የሠራሁትን ኦብጀክት ወደ ጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ ማስቀመጫ ቅርጽ) ለሚቀይረው «ዳምፕስ» ለሚባል ፋንክሽን ስሰጠው «ታይፕ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋ የተጣመሩበት የፓይተን ዳታ) ስሰጠው ግን ምንም አይልም። ምን አጥፍቼ ነው?
ግራ የገባው አንባቢ

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም። ጄሰን የሚያውቃቸው ነገሮች በጣም ጥቂት ናቸው። ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነትና ሐሰት፣ ነል (ባዶ ማለት ነው)፣ ዝርዝር፣ እና ስምና ዋጋ የተጣመሩበት፣ በጄሰን አጠራር «ኦብጀክት» የሚባል ስብስብ (ካንተ የፓይተን ኦብጀክት የተለየ ነው)፤ በቃ። ዲክሽነሪ ከነዚህ ጋር ቀጥታ ይገጥማል። «ተማሪ» የሚባለውን ግን አንተ ነህ የፈጠርከው፣ ስለዚህ ከውስጡ ምኑ እንደሚወጣ መናገር ያለብህም አንተ ነህ።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚነግርህ «ቫርስ» የሚለውን ፋንክሽን ተጠቀም ብሎ ነው። የኦብጀክቱን ይዘት በሙሉ ዘርግፎ በዲክሽነሪ ይሰጥሃል። ለሙከራ ጥሩ ነው። ለእውነተኛ ሥራ ግን አልመክርህም፤ ምክንያቱም ነገ ክላሱ ላይ የይለፍ ቃል ብትጨምር እሱም ሳታውቀው አብሮ ይወጣል። ይልቅ ክላሱ ውስጥ «ቱ ዲክት» የሚል ሜተድ (የክላሱ የራሱ ፋንክሽን) ጻፍና እንዲወጣ የምትፈልገውን ብቻ አንድ በአንድ አስቀምጥ። የትውልድ ቀኑን እዚያው «አይሶፎርማት» ብለህ ወደ ጽሑፍ ቀይረው፣ ጄሰን ቀን የሚባል ነገር የለውምና። ውጤቱ እንዲህ ይመጣል፦

{"ስም": "ሰላም", "የትውልድ_ቀን": "2001-05-14", "ውጤት": [78, 91]}

አሁን አንድ ተማሪ ሳይሆን የተማሪዎች ዝርዝር ቢኖርህስ? እዚህ ላይ «ዲፎልት» የሚለው የዳምፕስ አማራጭ ይመጣል፣ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። አንድ ፋንክሽን ጽፈህ ትሰጠዋለህ። ዳምፕስ ዝርዝሩን እየወረደ ሲሄድ የማያውቀው ነገር ሲያጋጥመው ያንን ነገር ይዞ ወደ ፋንክሽንህ ይመጣል፤ አንተ ዲክሽነሪ ትመልስለታለህ፣ እሱ ከዚያ ይቀጥላል። ተማሪው የቱንም ያህል ጥልቅ ቦታ ቢቀመጥ ያገኘዋል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ፋንክሽኑ ውስጥ እንደገና ዳምፕስ አትጥራ። ከጠራህ የሚመለሰው ጽሑፍ ይሆንና ተማሪው በኦብጀክት ፋንታ በጥቅስ የታጠረ፣ በጀርባ ሰረዝ የተሞላ ረጅም ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የማታውቀው ዓይነት ሲመጣ መጨረሻው ላይ ራስህ «ታይፕ ኤረር» አስነሳ። ይህን ከረሳህ ፋንክሽኑ «ነን» (የፓይተን ባዶ ዋጋ) ይመልሳል፣ ፋይልህ ላይ ነል ይጻፋል፣ ማንም ስህተት አይነግርህም። ዳታው መጥፋቱን የምታውቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ዳታክላስ የሚባል፣ ዳታ ለመያዝ የተዘጋጀ የክላስ ዓይነት አለ። ክላስህ ዳታ መያዣ ብቻ ከሆነ «አስዲክት» የሚለው ፋንክሽኑ ብዙ ጽሕፈት ያድንሃል፣ ውስጥ ለውስጥ ያሉትን ዳታክላሶችም ይገለብጣል። ቀኑን ግን እንዳለ ይተወዋል፤ እሱን አሁንም አንተው ነህ የምትቀይረው።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ስምህን በአማርኛ ጽፈህ ፋይሉን ስትከፍት «\u» በሚል ምልክት የተሞላ ቁጥር ካየህ አትደንግጥ፣ አልተበላሸም። «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን የዳምፕስ አማራጭ ፎልስ (ሐሰት) አድርገው፣ ፋይሉንም በዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ፊደል በሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) ክፈተው፤ ፊደሉ እንዳለ ይጻፋል።

ጄሰኑን መልሰህ ስታነብ ደግሞ «ሎድስ» የሚባለው ፋንክሽን የሚሰጥህ ዲክሽነሪ ነው፣ ተማሪ አይደለም። ስለዚህ ክላሱ ላይ «ፍሮም ዲክት» የሚል ሁለተኛ ሜተድ ጻፍ፣ ቀኑንም «ፍሮም አይሶፎርማት» ብለህ ከጽሑፍ ወደ ቀን መልሰው። ሁለቱን ሜተዶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ አንዱን ስትነካ ሌላውን እንዳትረሳ።