ነዳጁ ሲያልቅ የት ይሄዳሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በሰውነት ውስጥ በራሳቸው ኃይል ስለሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ማሽኖች (ማይክሮሞተሮች) ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች ለዚህ እትም አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ ለ14 ቀን ሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዞልኛል። አፌን መራራ መራራ ስላለኝ ላቋርጠው ነው። በስልኬ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ እየዋኘ ባክቴሪያውን የሚገድል ጥቃቅን ማሽን አየሁ። እሱን ብጠብቅስ? ጉዳት ይኖረው ይሆን? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይጠብቁ። ምሬቱ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ከሆነው ክላሪትሮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱን ሲጨርሱ ይጠፋል። በመሀል ካቋረጡት ግን የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ከበረታብዎት ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ እንጂ በራስዎ አይተዉት።

ያዩት ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ያንኑ ክላሪትሮማይሲን የተሸከሙ የማግኒዚየም ማይክሮሞተሮችን ኤች ፓይሎሪ ላለባቸው አይጦች በቀን አንዴ ለአምስት ቀን ሰጥተዋል። አንዷ ቅንጣት 20 ማይክሮሜትር ገደማ ናት፤ ከጸጉር ውፍረት ሲሶ ያህል። ማግኒዚየሙ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጠራል፤ ቅንጣቷ ከአንድ ጎኗ በቀር የተሸፈነች ስለሆነች አረፋው በክፍቱ ጎን ሲወጣ ይገፋታል። በዚሁ ሂደት አሲዱ ስለሚቀንስ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት አላስፈለገም። የጨጓራው አሲድነት በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በአይጦቹም ላይ ግልጽ የመመረዝ ምልክት አልታየም።

ለሰው ሲታሰብ እኛ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ትርፍ ማግኒዚየምን በሽንት ማስወጣት ስለሚያቅተው ማግኒዚየም ያለበት ተራ የጨጓራ ማስታገሻ እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። በዚያ ላይ ማሽኑ የሚሸከመው እርስዎ የሚወስዱትን አንቲባዮቲክ ነው። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን ከለመደ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን አይገድለውም።

ጥያቄ፦ ነዳጃቸው ሲያልቅ ሰውነት ውስጥ የት ይሄዳሉ? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ስለ ፍጥነታቸው ብዙ ይወራል፤ የደህንነቱ ጉዳይ ግን በአብዛኛው የሚጀምረው ሲቆሙ ነው። የቆመ ሞተር ከማንኛውም ባዕድ ቅንጣት አይለይም። ደም ውስጥ ከገባ ፕሮቲኖች ወዲያው ይለጠፉበታል፣ ከዚያ የመከላከያ ሴሎች ይውጡትና በአብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻል። ኩላሊት አጣርቶ ወደ ሽንት የሚያሳልፈው ከ6 ናኖሜትር ገደማ በታች የሆነውን ነው፤ አብዛኞቹ ሞተሮች ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ጥቃቅኖቹ የደም ስሮች ስፋታቸው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሆነ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ከተጓጎሉ መንገድ ይዘጋሉ።

ስለዚህ ከምን እንደተሠሩ ማወቅ ግድ ነው። ማግኒዚየምና ዚንክ ይሟሟሉ፣ ጄላቲንም ይበሰብሳል። ወርቅና ፕላቲነም ሳይሟሟ ይቀራሉ። በማግኔት ለመምራት ሲባል የሚጨመረው ኒኬል አዮኑ ሴል ይጎዳል፣ አለርጂም ያስነሳል፤ የብረት ኦክሳይድ ከእሱ በእጅጉ ይሻላል።

ነዳጁም ራሱን የቻለ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆኑት የወርቅና የፕላቲነም ዘንጎች የሚሄዱት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነበር። ቁስል የሚጠረግበት 3 በመቶው ፐርኦክሳይድ በሊትር ወደ 0.9 ሞል ይይዛል፤ በላቦራቶሪ የሚያድጉ ብዙ ሴሎች ግን ከዚህ ሺህ ጊዜ በቀጠነውም ይጎዳሉ። በሽንት ፊኛ በኩል ያለው ሥራ የበለጠ ተስፋ ይሰጠናል፤ ነዳጁ እዚያው ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባርሴሎና የወጣ ጥናት ዩሪያን በሚያፈርሰው ዩሪኤዝ ኢንዛይም የሚንቀሳቀሱ፣ ጨረራማ አዮዲን የተሸከሙ ቅንጣቶች በአንድ መጠን ብቻ በአይጦች ላይ የፊኛ ዕጢን 90 በመቶ ያህል እንደቀነሱ አሳይቷል። ዩሪያው ሲፈርስ አሞኒያ ስለሚወጣ መጠኑ መለካት አለበት። ደም ውስጥ ዩሪያው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ያው ሞተር እዚያ ቢገባ ያን ያህል አይሄድም።

ጥያቄ፦ ሐረር የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ማይክሮሞተር ቀይ የደም ሴል ያፈርስ እንደሆነ እንዴት ልፈትሽ? (ከሐረር)

መልስ፦ የሰው ደም ስለሆነ መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያግኙ። ደሙን እንዳይረጋ በሚያደርገው በኢዲቲኤ ቱቦ ወስደው በሴንትሪፊዩጅ ይለዩት፣ ሴሎቹን በፒቢኤስ (ሴል በማይጎዳ የጨው ፈሳሽ) ሦስት ጊዜ ይጠቡ፣ ከዚያ ወደ 2 በመቶ ያቅጥኑ። እኩል መጠን ካለው የቅንጣት ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው በ37 ዲግሪ ለ3 ሰዓት ያቆዩ፤ ቅንጣቱ በሚሊሊትር 10፣ 50፣ 100 እና 500 ማይክሮግራም ቢሆን ጥሩ ነው። መልሰው በሴንትሪፊዩጅ ካዞሩ በኋላ የላይኛውን ፈሳሽ በብርሃን መለኪያ (ስፔክትሮፎቶሜትር) በ540 ናኖሜትር ያንብቡ። ፒቢኤስ ብቻውን የዜሮ፣ ሴሉን ሁሉ የሚያፈርሰው 1 በመቶ ትራይተን ደግሞ የመቶ በመቶ መፍረስ መለኪያ ይሆንልዎታል። ከ2 በመቶ በታች ንጹሕ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ቀላል መፍረስ፣ ከ5 በላይ ግን አደገኛ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ማነጻጸሪያው ላይ ነው። ነዳጅ ያለው ሞተር፣ ነዳጅ የሌለው ያው ቅንጣት፣ ነዳጁ ብቻውን፣ ቅንጣቱ ተጣርቶ የቀረው ፈሳሽ፦ አራቱም በተለያየ ቱቦ ካልተሞከሩ ሴሉን ያፈረሰው እንቅስቃሴው ይሁን ኬሚካሉ ወይስ የሟሟው ብረት መለየት አይቻልም። ቅንጣቱ ራሱ ብርሃን ስለሚበትን ያለ ደም የተዘጋጀ ቱቦም ያስፈልጋል። ሄሞግሎቢን ቅንጣቱ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ንባቡ ያንስና መርዛማው ነገር ደህና መስሎ ይወጣል። ሞተሩ በፐርኦክሳይድ የሚሄድ ከሆነ ይህ ፍተሻ አይመችም። ቀይ የደም ሴል ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሞላበት ነዳጁን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ እርስዎ የፈተሹት የቆመ ሞተር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይተው መንቀሳቀሱን ሳያረጋግጡ ውጤት አይመዝግቡ።

ደሙ ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል የሚመጣ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ ሳጥን ይምጣ። ቱቦው በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ መሀል ካርቶን ያስገቡ፤ ደሙ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ ሴሉ መንገድ ላይ ይፈነዳል። በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ የተተወ ደምም እንዲሁ ነው። የፒቢኤሱ ቱቦ ገና ከመነሻው ከቀላ ያንን ደም ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ አካባቢ «በደም ሥር እየሄደ ስኳር የሚያጸዳ የናኖ ማሽን» የተባለ እንክብል ቀረበልኝ። ልግዛ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይግዙ። በሰው ደም ሥር ውስጥ በራሱ የሚሄድ፣ ለሽያጭ ፈቃድ ያገኘ የስኳር መድኃኒት የለም። አገር ውስጥ የሚሸጥ መድኃኒት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። አንዱን ውጠው ከሆነ ማሸጊያውን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ እንዲህ ያለ እንክብል ውስጥ ያልተጻፈ የስኳር መድኃኒት ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ የደም ስኳርዎ ከልክ በላይ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ስኳር ያለው ነገር ይጠጡ። ሐኪም ያዘዘልዎትን ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቁሙ።