ስኖርክልን ስለ መጠቀምና በዳይቪንግ ጊዜ ስለሚመጣ ድንጋጤ፦ በኤላት ሥልጠና ለሚጀምሩት እህት

እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር በእስራኤል የቀይ ባሕር ከተማ በኤላት የዳይቪንግ (አየር ይዞ የመጥለቅ) ሥልጠና እንደሚጀምሩ፣ በስኖርክል (ፊትን ነክሮ ከውኃው በላይ ያለውን አየር በሚስቡበት የአፍ ቱቦ) ሲሞክሩ ግን ትንፋሽ እያጠረዎት ልብዎ በኃይል እንደመታ ገልጸው፣ «ስኖርክሉን ትቼ በቀጥታ በአየር ሲሊንደር ብጀምርስ? ከታች ሆኜ ብደነግጥ ምን አደርጋለሁ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በዚያው ባሕር፣ በዚያው ፍርሃት ስለጀመርኩ ነገሩ ይገባኛል።

አንደኛ፣ ስኖርክሉን አይተዉት። ትንፋሽ ያጠረዎት አየሩን በደንብ ሳያስወጡ ደጋግመው ስለሳቡ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚቀረው የተተነፈሰ አየር ተመልሶ ስለሚገባ፣ ቶሎ ቶሎና ከላይ ከላይ በሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ የመታፈን ስሜቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ደረትዎ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ፊትዎን ነክረው፣ በረጅሙ ማስወጣትን ይለማመዱ። ረጅም ቱቦ ይሻላል የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት አይስሙት፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ተመልሶ የሚገባው አየር ይበዛል።

ሁለተኛ፣ ሬጉሌተሩ (የሲሊንደሩን አየር በአፍ የሚተነፍሱበት ዕቃ) በቀኝ ትከሻ በኩል ስለሚመጣ ስኖርክሉ ከማስኩ (ከውኃ መነጽሩ) በስተግራ ይታሰር። እኔ የሠለጠንኩበት ማሠልጠኛ ግን «ይህ ለቱሪስት ነው» ብሎ ከዕቃዬ ላይ አወለቀው፤ ኪራዩን ግን አንዲት ሼቄል እንኳ አልቀነሰልኝም። ከጠለቅንበት ስንወጣ የሰሜኑ ነፋስ ከመውጫው አርቆን ስለነበር በውኃው ገጽ ላይ ረጅም መንገድ መዋኘት ግድ ሆነ። በሲሊንደሬ የቀረው አየር ጥቂት ነበር። አብሮኝ የጠለቀው ሰው ስኖርክሉን ነክሶ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በእርጋታ ሲዋኝ፣ እኔ አንገቴን ከማዕበሉ በላይ ለማቆየት ስታገል የጨው ውኃ ዋጥኩ፤ ድንጋጤውም ያን ጊዜ መጣ። አየር የሚሞላውን የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ነፋሁ፣ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፣ ትንፋሼን ቀስ ብዬ እያስወጣሁ ልቤ እስኪረጋ ጠበቅሁና ማንም ሳይጎትተኝ ደረስኩ። ቅሬታዬን ሳቀርብ ኃላፊው «ዋና ብትለማመድ ይሻልሃል» አለኝ። በዋና እኮ ከእርሱ አላንስም!

ከታች ሆነው ቢደነግጡ ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው ትንፋሽን ይዞ ወደ ላይ መሮጥ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከገጹ በእጥፍ ስለሚበልጥ፣ እዚያ የተያዘ አየር ወደ ላይ ሲወጣ መጠኑ እጥፍ ሊሆንና ሳንባን ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ መንቀሳቀስዎን ያቁሙ፤ የተደናገጠ ሰው ሬጉሌተሩን ከአፉ መንቀል ስለሚቃጣው በእጅዎ ደግፈው ይያዙት፤ በረጅሙ ያስወጡ፤ መዳፍዎን ዘርግተው ግራና ቀኝ በማዘንበል ችግር እንዳለ ለጓደኛዎ ያመልክቱ። የሚይዙት ነገር ካስፈለገዎ የእርሱን ክንድ እንጂ ኮራሉን (ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር ሕይወት) አይያዙ፤ ኮራሉ በሕግ የተጠበቀ ከመሆኑም በላይ የሚያቃጥል ዓይነት አለው። መውጣት ካለብዎ አብራችሁ ውጡ፤ ፍጥነታችሁም በደቂቃ ከ9 ሜትር አይብለጥ።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት አንድ አሠልጣኝ ስንት ሰው ይዞ እንደሚገባ፣ ማስክ አውልቆ መተንፈስንም ጥልቀት በሌለው ውኃ እስኪለምዱት ድረስ ያሠለጥኑዎት እንደሆነ ይጠይቁ። በሚገባዎት ቋንቋ ካላስረዱዎት ወይም ጥያቄዎን ካጣጣሉት ይውጡ፤ በኤላት ማሠልጠኛ ሞልቷል።