ከወሊድ በኋላ የታየ ሲስትና ከፍ ያለ የደም ምርመራ ውጤት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው በጅማ ከተማ ሲሆን ዕድሜዬ 29 ዓመት ነው። ሁለተኛ ልጄን በምጥ ከተገላገልኩ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። በሦስተኛው ሳምንት ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል መጣ ሄድ የሚል ሕመም ስለተሰማኝ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ በግራ እንቁላል ማምረቻዬ ላይ 5.8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ እንዳለ ተነገረኝ። በዚያው ዕለት ደም ሰጥቼ ሲኤ-125 የሚባለው ምርመራ 84፣ ኢኤስአር ደግሞ 62 ሆነ። ወረቀቱን የሰጠኝ ባለሙያ «ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል አዲስ አበባ ሄደሽ ብትታዪ ይሻላል» ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ወተቴም የቀነሰ ይመስለኛል። ካንሰር ነው? ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል? ልጄንስ ማጥባት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። ከጥያቄዎ ጋር የላኩልንን የአልትራሳውንድ ሪፖርት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሪፖርቱ ሲስቱን «ሲምፕል» ይለዋል፤ ይህም ግድግዳው ስስ የሆነ፣ ውስጡ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ የያዘ፣ በመካከሉ የሚከፋፍለው ግድግዳም ሆነ ጠጣር ሥጋ የሌለው ማለት ነው። በሆድዎ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ እንደሌለም ተጽፏል። እንዲህ ያለ መልክ ያለው ሲስት በእርስዎ ዕድሜ ካንሰር የመሆን ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ባለሙያው ወረቀቱን ሲሰጥዎት ከደሙ ቁጥር ይልቅ ይህን የሪፖርቱን ክፍል ቢያስረዳዎት ኖሮ ብዙ ሌሊት በሰላም ባደሩ ነበር።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ሲኤ-125 በካንሰር ብቻ የሚፈጠር ነገር ሳይሆን የማህፀን የውስጥ ሽፋን፣ የሆድ ዕቃን የሚያለብሰው ስስ ሽፋንና ሌሎችም ጤናማ አካላት የሚያመነጩት ፕሮቲን ነው፤ እነዚህ ሽፋኖች ሲቆጡ ወይም ሲላጡ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። ላቦራቶሪዎች እንደ ጣሪያ የሚጠቀሙበት 35 የሚለው ቁጥር ለአራስ ሴት ተብሎ የወጣ አይደለም። የእንግዴ ልጅ ተላቅቆ ሲወጣና ማህፀን ሽፋኑን እየጣለ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲመለስ ሲኤ-125 ከፍ ይላል፤ የእርስዎ ደም የተወሰደውም የወሊድ ደም ገና ባልቆመበት በሦስተኛው ሳምንት ነው። የወር አበባ፣ የማህፀን እባጭ፣ የማህፀንና የአካባቢው ኢንፌክሽን፣ የጉበት ሕመምም እንዲሁ ያስጨምሩታል። በአገራችን በተለይ የሆድ ዕቃ ቲቢ ይህን ቁጥር ከፍ አድርጎ ሐኪምን ጭምር ካንሰር ነው ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም የማይለቅ ትኩሳት ካለ ለሐኪምዎ መንገር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ካላቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሲኤ-125 መደበኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሲስቱ በአልትራሳውንድ ንጹሕ ሆኖ ለታየ አራስ ይህን ምርመራ ማዘዝ፣ በእኔ እምነት፣ ከጥቅሙ ጭንቀቱ ያመዝናል። በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁመው ኢኤስአርማ በእርግዝና ወቅት ከፍ ብሎ ከወሊድ በኋላም ለሳምንታት ሳይወርድ የሚቆይ፣ ደም ማነስ ሲኖር ደግሞ የሚብስ በመሆኑ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ይህ ማለት ግን ሲስቱ ይረሳ ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ ከሚታዩት ሲስቶች አብዛኞቹ እንቁላል ማምረቻው በተፈጥሮ ሥራው የሚቋጥራቸውና በራሳቸው የሚጠፉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን አይጠፉም። ልጅዎ የአሥራ አራተኛ ሳምንት ክትባቱን በሚወስድበት ሰሞን አልትራሳውንዱን ቢደግሙት ጊዜው ተስማሚ ነው። ከተቻለ በብልት በኩል የሚደረገው ዓይነት ይሁን፤ ሲስቱን አቅርቦ ስለሚያሳይ ከሆድ ላይ ከሚደረገው ይሻላል። የመጀመሪያውን ሪፖርት ከነምስሉ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው የዛሬውን መጠን ብቻ ሳይሆን ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የመጣውን ለውጥ ነው። ሲስቱ ከጠፋ ወይም ካነሰ የደም ምርመራውን መድገም አያስፈልግም። ከጨመረ፣ ወይም በውስጡ ጠጣር ነገር ከታየ፣ ሲኤ-125 የወር አበባ በሌለበት ቀን ይደገማል፤ በወጣት ሴቶች ላይ የሚከሰቱትን ሌሎች የዕጢ ዓይነቶች ለመለየት የሚረዱ ተጨማሪ የደም ምርመራዎችም ይታዘዛሉ። እናትዎ፣ እህትዎ ወይም አክስትዎ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ይዟቸው የሚያውቅ ከሆነ በዚህ ቀጠሮ ሳይናገሩ አይውጡ።

ለዚህ ሁሉ ጨቅላ ልጅ ታቅፈው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ መሄድ የለብዎትም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች አሉ፤ ከጤና ጣቢያዎ ሪፈር አጽፈው እዚያ ይከታተሉ።

አሁን ከካንሰር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሲስቱ መጠምዘዝ ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሲስት ክብደቱ እንቁላል ማምረቻውን በሥሩ እንዲዞር ሊያደርገው ይችላል፤ ማህፀን ከወሊድ በኋላ እየጠበበ ሲሄድ ደግሞ በሆድ ውስጥ ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ ይህ አጋጣሚ ይጨምራል። ሲጠማዘዝ የደም ሥሩ ይታነቃል። ምልክቱ በድንገት የሚጀምር፣ በአንድ ወገን የበረታ፣ ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ ሕመም ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽና ማስመለስ አብሮት ይመጣል። አንዳንዴ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ብሎ ተመልሶ ስለሚነሣ «ተሻለኝ» ብለው እንዳይዘናጉ። እንዲህ ያለ ሕመም፣ ወይም ራስን የሚያስት ድካም፣ ትኩሳት፣ የሆድ መወጠር ከገጠመዎት ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ እንቁላል ማምረቻውን ማትረፍ የሚቻለው በሰዓታት ውስጥ ነው። ከዚሁ ጋር በአክብሮት የምለምንዎት ነገር አለ፤ አራስ የሚጠይቁ እናቶች በደግነት ሆድዎን በቅቤ ልሽሽ ቢሉዎት፣ ሲስቱ እስኪጠፋ ድረስ ጀርባዎንና እግርዎን ብቻ ይሹልዎት።

ልጅዎን ያጥቡ። ሲስቱ ወተትን አያበላሽም፣ አያደርቅምም። ወተትዎ የቀነሰ የመሰለዎት ከእንቅልፍ ማጣትና ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቶሎ ቶሎ ባጠቡት መጠን ይመለሳል። ለቀላሉ ሕመም ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ ይችላሉ፤ የጨጓራ ሕመም ካለብዎት ፓራሲታሞሉ ይበቃል። ሲስት ያጠፋል ተብሎ የሚሰጥ የእርግዝና መከላከያ እንክብል አይውሰዱ፤ ያለውን ሲስት እንደማያጠፋ ታውቋል፣ ድርብ ሆርሞን ያለው እንክብል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለምታጠባ እናት አይመከርም። ፍርሃቱና የስሜት መከፋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም ልጁን መንከባከብ ከከበደዎት፣ ይህም ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ችግር ነውና ለሐኪም ይንገሩ።

ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ሲስቱ በተደጋጋሚ አልትራሳውንድ ሳይጠፋ ከቀረ፣ እያደገ ከሄደ፣ መልኩ ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ከበረታ ነው። ያኔም በእርስዎ ዕድሜ በአብዛኛው ሲስቱ ብቻ ተፈልቅቆ ይወጣና እንቁላል ማምረቻው ይተርፋል፤ አንዱ ቢወጣ እንኳ በሌላው ብቻ የወር አበባም ማየት፣ መውለድም ይቻላል። ሲስቱን በመርፌ ቀድቶ ማፍሰስ ተመልሶ ስለሚሞላ አይመከርም። በኦፕራሲዮን የወጣው ነገር ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ በእርግጠኝነት የሚለየው በዚህ ምርመራ ስለሆነ፣ ቁስሉ ቢድንልዎትም ውጤቱን ሄደው ይቀበሉ።