መልስ፦ ሕንፃው ይቅደም ወይስ ምእመኑ ይጠየቅ?

ሰላም ወንድሜ። ኮንዶሚኒየሙ ከገባ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሞልቶ ሰዉ ውጭ ቆሞ እያስቀደሰ ነው ብለሃል፤ አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ደግሞ «ሕንፃ ቶሎ ይጀመር» እና «መጀመሪያ ምእመኑ ይጠየቅ» በሚል ተከፍሏል። እኔ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

እኛም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ እዚሁ ውስጥ አልፈናል። መሐንዲስ የሆነ የአጥቢያው ልጅ የግቢውን ንድፍ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠራልን፣ ለሦስት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ኮሚቴው የሚያስበው ስለ አዳራሽ ብቻ ነበር። አንዲት እናት ልጅ እንዳዘሉ እስክሪብቶ ተቀብለው አንዱን ጥግ አከበቡና «ክረምት ውኃ የሚተኛው እዚህ ነው፣ እኛም የምንቆመው እዚሁ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎርፍ መውረጃው አንደኛ ሆነ፣ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት፣ አዳራሹ ሦስተኛ።

ደግሞ ይሄ ከደንብ መውጣት አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ራሱ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት ነው። አዲሶቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ገና ስላልተመዘገቡ በእድር በኩል ድረሱባቸው። ነባሮቹን ገበሬዎችም አደራ፣ መካነ መቃብሩ ላይ ያረፉት የእነሱ ወላጆች ናቸው፤ እነሱን ሳታማክሩ አንድ ድንጋይ እንዳታነሱ።

የይዞታ ካርታውን ከመቆፈራችሁ በፊት አረጋግጡ። እኛ በሩ አጠገብ የዘረጋነውን የንድፍ ወረቀት ፎቶ ከፈለግህ እልክልሃለሁ።