መልስ፦ የዓይን ሞራ በጠብታ ይጠፋል ወይ?
ወንድሜ፣ ከፒያሳ ፋርማሲ ጠብታ ገዝተህ የእናትህን የሞራ ኦፕራሲዮን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። አይቻልም። ሞራ ዓይን ላይ የተጋረደ ነገር አይደለም፤ የሚደፈርሰው ውስጥ ያለው ሌንስ ራሱ ነው። ፕሮቲኖቹ እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ይረጋሉ። በፈረንጆቹ 2015 ላኖስቴሮል የሚባል ንጥረ ነገር የውሾችን ሌንስ አጠራ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከሰው ዓይን በወጣ የሌንስ እምብርት ላይ ሲሞከር ለውጥ አላመጣም።

ኦፕራሲዮኑን አትፍሩት። አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው ብቻ ይደነዝዛል፣ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አሳያቸው፤ ስኳራቸውም ይለካ። እባክህ፣ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳታደርግላቸው። የዓይን ግፊት ጨምሮ የማይመለስ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ሞራውንም ያብሰዋል።