መልስ፦ ለእንቅልፍ ማጣትና ለጭንቀት የግድ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል?

እህቴ፣ «እናቴ እንቅልፍ ካጣች ወራት አለፋት፤ ጤና ጣቢያ ይበቃታል ወይስ የግድ አማኑኤል እንሂድ?» ብለሻል። ከጤና ጣቢያው ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ኤምኤች ጋፕ የሚባል ፕሮግራም አለ። ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን፣ ሳይኮሲስን (የሌለ ነገር የሚያሰማ ወይም የሚያሳይ የአእምሮ ሕመም) እና የሚጥል በሽታን ለይተው እንዲያክሙ ያሠለጥናል። ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ላይም በጤና ጣቢያዎች ተሞክሯል።

ችግሩ ሌላ ነው። የእናትሽ እንቅልፍ ማጣት የድብርት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ድብርት «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያመኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል» ነው የሚባለው። ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። ባለሙያው የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኛል። አክስቴን ሦስት ጊዜ እንዲህ መልሰዋታል (እኔም ጨጓራ ነው ብዬ አምኜ ነበር!)። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር አብረሻቸው ግቢ። እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ መቼ እንደጀመራቸው አንቺ ተናገሪ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸውም መናገር አትርሺ።

የድብርት መድኃኒት ከታዘዘላቸው ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ «አልሠራም» ብለው እንዳያቋርጡ። ጸበሉንም ከፈለጉ ጎን ለጎን ይሂዱ። «መኖር ሰለቸኝ» ካሉ ግን ብቻቸውን አትተያቸው፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው።