ለጉማራ አሳ ችግኝ ከመቁጠራችሁ በፊት

«ጣና በሚገባው በጉማራ ወንዝ ዳር ያለን ወጣቶች ተደራጅተናል፤ አሳው እንዲመለስ ወንዙንና ረባዳውን የማልማት እቅድ ልንጽፍ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ስንት ሺህ ችግኝ እንያዝ?» ላልከው ወንድሜ፣ የችግኙን ቁጥር ለጊዜው ተወው።

እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት። አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጥሬ ከጣና ገባሮች በአንዱ ዳር ችግኝ አስተከልን፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) አሰራን፣ ሪፖርቱም አማረ። ያለማነው ቦታ ግን አሳው አልፎት የሚሄድበት እንጂ የሚወልድበት አልነበረም። ሁለት ሰዓት በእግር ሽቅብ ሲኬድ፣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ «አሳ» ብላችሁ አትጻፉ፤ የትኛው አሳ? ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ውስጥ 15 የሚሆኑ፣ ከዚያ ሌላ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉት። ከነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በገልዳና በመገጭ ሽቅብ ወጥተው ነው የሚወልዱት። ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። የሚፈልጉትም ጥልቀት የሌለው፣ ጠጠር ላይ ፈጠን ብሎ የሚወርድ ጠራ ያለ ውሃ ነው። ዋናው ወንዝ በሙላት ጊዜ ስለሚደፈርስ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይታጠፋሉ። ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ ይታፈናል።

አምባዛ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሱ ውሃ የተኛበትን ሣር ነው የሚፈልገው፤ የፎገራ ረግረጎቹ ሸሸርና ወላላ ለእሱ የልጆቹ ማሳደጊያ ነበሩ። ረባዳውን ብትመልሱ አምባዛ ይጠቀማል፣ ነጭ አሳው ግን ለመውለድ ጠጠሩን ይፈልጋል። አንድ ሥራ ለሁለቱም ይበቃል ብሎ የሚጽፍ እቅድ ብዙ አይቻለሁ።

እናም በነሐሴ ወንዙን በእግራችሁ ውጡት፣ አሳ አስጋሪ ሽማግሌ ይዛችሁ። እኔን ያስተማረኝ ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ አንድ እፍኝ ጠጠር ከሥር ዘግኖ መዳፌ ላይ ዘረገፈልኝ። በጠጠሩ መሃል ከጤፍ የሚተልቅ፣ ከምስር የሚያንስ ቢጫ እንቁላል ተጣብቋል። «ልጄ፣ ይህን ነው እንግዲህ ለቤት መሥሪያ የምትጭኑት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ላይ መጀመሪያ የማሰምረው ጠጠሩን ነው።

አሸዋና ጠጠር የሚያወጡት ልጆች ምናልባት የእናንተው አባላት ናቸው፤ ከነሱ ጋር ሳትስማሙ ወረቀት አትጻፉ። ሁሉን ቦታ ተዉ ማለት እንጀራቸውን መቀማት ነው። አሳው የሚወልድባቸውን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ለዩና እነዚያን በጋም ክረምትም እንዳይነኩ ተነጋገሩ፤ በበጋ የተጫነ ጠጠር በክረምት የለም። ስለ መረቡም ከታች ካሉት ጋር ተነጋገሩ። ወንዙ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ከተዘረጋ ላይኛው ጠጠር ቢጠበቅ ማን ሊወልድበት ይወጣል? እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ አሳው ክምችት ሩብ ያህሉ ብቻ ነው የቀረው፤ ትልቁ ምክንያት ለመውለድ ሲሰበሰብ መጠመዱ ነበር። አሳ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ኩሬ ውስጥ መበተንም አልቀረም። ጣናን የወረረውን አረም፣ እንቦጭን፣ ሁሉም ያወራል፣ ካሜራ ፊት ይታያልና፤ መረቡንና ብርብራውን ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

ረባዳው ከሁሉም ይከብዳል፣ ባለቤት አለውና። ፎገራ ሩዝ ከለመደ ወዲህ ባህር ሸሹ (ጣና ሲሸሽ የሚለቀው መሬት) ሳይቀር ታርሷል፤ በርብ በኩል ጎርፍ ለመከላከል የተሠራው የአፈር ግድብም ውሃው ወደ ሸሸርና ወላላ እንዳይተርፍ አድርጓል። ግድቡን አፍርሱ ብትሉ ገበሬው በዱላ ያባርራችኋል፤ እውነቱንም ነው። በአንድ ዝቅ ያለ የግጦሽ መሬት ላይ፣ መዝጊያ ባለው ቱቦ ውሃ በሐምሌ አስገብታችሁ ሞክሩ። ማስገቢያ ብቻ ሠርታችሁ መውጫ እንዳትረሱ! ውሃው ሲሸሽ ጫጩቱ መመለሻ ካጣ ለአሞራ ቀለብ ይሆናል። መውጫው ላይም ወጥመድ እንዳይደረግ ጠባቂ ያስፈልጋል።

በጥርና በየካቲት ደግሞ ተመልሳችሁ ወንዙ ሲጎድል መሃሉ ላይ የሚቀሩትን ኩሬዎች እዩ። ወደ ጣና ያልወረዱ ትንንሾች የሚከርሙት እዚያ ነው፣ ለሽንኩርት ውሃ የሚስበው ሞተርም የሚተከለው እዚያው። በየኩሬው ምልክት ያለው እንጨት ትከሉና ከዚያ በታች ላለመሳብ ከባለሞተሮቹ ጋር ተዋዋሉ። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ቡና ያስጠጣል እንጂ።

ችግኙን አሁን አምጣው። ከወንዙ ዳር ጥቂት እርምጃ ሳይታረስ ከተተወ ባምባና ዶቅማ ይበቃል፤ ባህር ዛፍ አታስገቡ። ቁጥሩ የሚወሰነው ገበሬው በሚለቀው መሬት ልክ ነው። የዘንድሮው ነሐሴ ካላለፈባችሁ፣ ጠጠር ያገኛችሁበትን ቦታ ሁሉ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ከየትኛው እንደምትጀምሩ አብረን እንለያለን።